መስቀሉ ሳይነካ

አማቴን እትዬ ዓባይነሽን መዋሸት ይቻላል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ባሌ ምናሴ ብቻ ነው፤ ያውም የገዛ ልጃቸው ሆኖ። እኔ እንኳ አሜሪካ መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ በገባሁ ሰሞን ነው ተስፋ የቆረጥኩት። አንድ ቀን ሳህን ሰብሬ "እኔ አልሰበርኩትም፣ ራሱ አምልጦ ነው" ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና "እንግዲያው ሳህኑ ይቅርታ ይጠይቃ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የሰበርኩትን ሰበርኩ እላለሁ።

ነገሩ የጀመረው በግራ አፍንጫቸው ክንፍ ላይ በወጣች አንዲት ጥቁር ፍሬ ነው። ምስር ብታክል ነው። እሳቸው ኪንታሮት ናት አሉ። የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው ነጭ ሽንኩርት ቀቡባት፣ ጸበል ረጩባት። ምናሴ ደግሞ "የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው፣ ጥቁር ሰው አይዝም" ብሎ ማንም ሳይጠይቀው ፈረደ። ምስሯ ግን የማንንም ምክር ሳትሰማ መሃሏ እየጎደጎደ ሄደ፤ ፊታቸውን በታጠቡ ቁጥር ትደማ ጀመር። በመጨረሻ እየተቆጣሁ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ትንሽ ቆንጥሮ ለምርመራ ላከና ውጤቱ የቆዳ ካንሰር ሆኖ መጣ። ቶሎ የሚገድለው ዓይነት አይደለም፤ ሰውነት ውስጥም እምብዛም አይዞርም። ባለበት ተቀምጦ ግን ይበላል። ዝም ከተባለ አፍንጫውን ጨርሶ ወደ ዓይን ይሻገራል።

ይህን የሰማን ቀን ምናሴ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናውን ሳያስነሳ ብዙ ቆየ።

"እማዬ ካንሰር የሚለውን ቃል እንዳትሰማ" አለኝ።

"ፊታቸውን ሊቆርጡት አይደል እንዴ? ምን ልትላቸው ነው?"

"ቁስል ነው እንላታለን። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ እናምጣ ካለ አንፈልግም በይ፤ አንቺ ታስተረጉሚያለሽ።"

የኛ ሰው በሽታን ከበሽተኛው መደበቅን ፍቅር ይለዋል። እኔን ያናድደኛል። ሰውዬው በገዛ ገላው ጉዳይ የመጨረሻው ሰሚ ይሆናል ማለት እኮ ነው! ሆኖም ምናሴ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበርና እሺ አልኩት።

አሁን ስለ ባላቸው ስለ ጋሼ አያሌው መናገር አለብኝ፤ ያለሳቸው የሚሆነው ነገር አይገባም። ጋሼ አያሌው በዘመናቸው የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና የተመላለሱ ሾፌር ናቸው። አሜሪካ ከመጡ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማስታወስ እየተሳናቸው ሄደ። በክረምት በነጠላ ጫማ ወጥተው ጆርጂያ አቬኑ ላይ ፖሊስ ሲያገኛቸው ቤት ውስጥ ማስቀመጡ አላዋጣ አለ። አልጋ የተገኘው አሌክሳንድሪያ፣ ከዱክ ስትሪት ወረድ ብሎ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ሰው አማን፤ ይማ። ለማማት የሚመጣው ሰው አንድ ሌሊት አብሯቸው ቢያድር ኖሮ ዝም ይል ነበር።

እትዬ ዓባይነሽ በየሁለት ቀኑ ብቻቸውን ይሄዱላቸዋል። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ባቡሩን የሚያውቁት በቀለሙ ነው። ቀዩን ይዘው መሃል ከተማ ይወርዳሉ፣ ቢጫውን ይዘው ኪንግ ስትሪት ይደርሳሉ፣ ከዚያ አውቶቡስ። አንድም ቀን ጠፍተው አያውቁም። እኔ በጂፒኤስ እየተመራሁ እጠፋለሁ።

ጋሼ አያሌው ልጃቸውን አያውቁትም፤ እኔን እህቴ ይሉኛል። ሚስታቸውን ግን የሚያውቁበት አንድ ምልክት ቀርቷቸዋል። እትዬ ዓባይነሽ ገና በልጅነታቸው፣ ጎጃም እያሉ ግንባራቸው ላይ መስቀል ተነቅሰዋል። ነቃሿ እጇ ትንሽ ወደ ግራ ስላዘነበለ መስቀሉ ከመሃል ፈቀቅ ብሎ፣ ከግራ ቅንድባቸው በላይ ሊሆን ምንም አልቀረው። ገብተው ነጠላቸውን ወደ ኋላ ያደርጉና ጎንበስ ይላሉ። ጋሼ አያሌው ጣታቸውን መስቀሉ ላይ ያሳርፉና "መጣሽ?" ይላሉ። ይኸው ነው። ለዚች አንዲት ቃል ነው ያ ሁሉ ባቡር።

አንድ ጊዜ በብርድ የሱፍ ኮፍያ እስከ ቅንድባቸው አጥልቀው ቢሄዱ ጋሼ አያሌው ብድግ ብለው ወንበር አቀረቡላቸው። "አረፍ ይበሉ፣ ባለቤቴ አሁን ትመጣለች" አሏቸው፤ ለእንግዳ ደንብ በአክብሮት። እትዬ ዓባይነሽ ይህን ሲያወሩልን ይስቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በረዶ ቢጥልም ኮፍያ አድርገው አያውቁም።

ቀዶ ሕክምናውን የምታቅደው ሐኪም ዶክተር ማሎይ ትባላለች፤ ክሊኒኳ ኮልስቪል ሮድ ላይ ነው። ረጅም፣ ሽበቷን ያልቀባች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት። ስትገባ እኔንና ምናሴን አላየችንም። ወንበሯን ስባ እትዬ ዓባይነሽ ፊት ተቀመጠች፣ እጃቸውን ጨበጠች፣ ስማቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክራ በትክክል ጠራች። ከዚያ ነው ፊታቸውን የዳሰሰችው። እኔ ሐኪም አይሆንልኝም፤ እሷን ግን ወዲያው ወደድኳት።

እሷ ትናገራለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ። "ካንሰሩን ከነሥሩ እናወጣዋለን፤ ጠርዙን በማይክሮስኮፕ አይተን ንጹሕ መሆኑን ሳናረጋግጥ አንዘጋም" ትላለች። እኔ "ቁስሉን በደንብ ያጸዱታል" እላለሁ። ምናሴ ጎበዝ ተማሪ እንዳገኘ አስተማሪ ራሱን ይነቀንቅልኛል።

ቀጥላ የሠራችውን ሳይ ማስተርጎሙን ረሳሁት። ከአንድ እሽግ ላይ ብርማ ወረቀት ቀደደችና አፍንጫቸው ላይ ጫን አድርጋ የቀዳዳውን ልክ ወሰደች፤ በትንሽ መቀስ ቆረጠችው። ያንን ልክ ግንባራቸው ላይ፣ ከፀጉራቸው ሥር አስቀመጠች። ደግሞ የፋሻ ቁራጭ ይዛ አንዱን ጫፍ ከቅንድባቸው ላይ በጣቷ ተጭና ሌላውን ጫፍ አዙራ እስከ አፍንጫቸው አደረሰችው፤ ይደርስ እንደሆነ ለካች። ልብስ ሰፊ እንኳ ውድ ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት እንደዚያ አይጠነቀቅም። በመጨረሻ ሐምራዊ ብዕር አውጥታ ፊታቸው ላይ አሰመረች።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ለአፍንጫ ከሁሉ የሚስማማው ቆዳ የግንባር ቆዳ ነው። ግን ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ አይነሳም፤ ቅንድብ አካባቢ ከደም ሥሩ ጋር እንደተያያዘ ወደ ታች ይዞርና አፍንጫው ላይ ይሰፋል። ለሦስት ሳምንት ከቅንድብ እስከ አፍንጫ የሥጋ ድልድይ ተሠርቶ ይቆያል። አፍንጫው አዲሱን ቆዳ ሲለምድ ድልድዩ ይቆረጣል።

ዶክተሯ መስታወት ሰጠቻቸው። እትዬ ዓባይነሽ ብዙ አዩ። ሐምራዊው መስመር ከግራ ቅንድባቸው ተነስቶ ወደ ላይ ሲወጣ የመስቀሉን አንድ ክንድ አቋርጦት ያልፋል።

"ባዩሽ" አሉኝ።

"አቤት።"

"ካንሰሩ ያለው አፍንጫዬ ላይ። ይቺ ሴትዮ ግንባሬ ላይ ምን ትሠራለች?"

ምናሴ ፊቱ አመድ መሰለ። "እማዬ... ካንሰር ነው ማን አለሽ?"

"እሷ ናታ! ከገባች ጀምሮ ካንሰር ካንሰር ትላለች። ካንሰር በእንግሊዝኛም ካንሰር አይደለም እንዴ?" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ደግሞ ቁስል ቁስል ትያለሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማችሁም? እናንተስ ብላችሁ ብላችሁ ከባለቤቱ ደበቃችሁት!"

ሳቄ አመለጠኝ። ምናሴ በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ። ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል ሳላስቀር ሁሉንም ነገርኳቸው። እንደ ሰው ወሬ ረጋ ብለው አዳመጡ። ሕመሙን ጠየቁ፣ ሦስት ሳምንቱን ጠየቁ። "ድልድዩም ይሁን፤ ስንት ድልድይ ተሻግሬ የለም" አሉ። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አኖሩና "ይቺን ግን አትነካም። ይቺን የምትነካ ከሆነ ይቅርብኝ፤ ልነሳ" አሉ።

እውነትም ሊነሱ ቦርሳቸውን ያዙ። ምናሴ ፈነዳ።

"እማዬ፣ አፍንጫሽ እየተበላ ነው እኮ! መስቀሉ ቀለም ነው። እግዚአብሔር በቀለም ነው እንዴ የሚያውቅሽ? ቆይ የነፍስ አባትሽን ኮል ላድርግልሽ፣ እሳቸው ይንገሩሽ" ብሎ ስልኩን መዘዘ።

ዶክተሯ ግራ ተጋብታ አየችኝ። "የእምነት ጉዳይ ከሆነ አከብራለሁ፤ ግን ይግባኝ" አለች። ጠየቅኳቸው።

"እግዚአብሔርማ አፍንጫም ግንባርም ባይኖረኝ ያውቀኛል" አሉ እትዬ ዓባይነሽ። "የማያውቀኝ አያሌው ነው።"

ምናሴ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተና ወደ መስኮቱ ዞረ። እንደምንም ብዬ ለዶክተሯ ስለ አሌክሳንድሪያ፣ ስለ ጋሼ አያሌው ጣት፣ ስለ ሱፍ ኮፍያው፣ "መጣሽ?" ስለምትለዋ ቃል ነገርኳት። ያሳዝናል፣ ግን ከጤናዎ አይበልጥም ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ሌላ ሐኪም ቢሆን ይህንኑ ይል ነበር፤ ልክም ነው።

እሷ ግን መጠየቅ ጀመረች። ባለቤትዎ መጀመሪያ የሚያዩት ምኑን ነው? ጣታቸውን የሚያሳርፉት የት ላይ ነው? ዓይናቸው ደህና ነው? እትዬ ዓባይነሽ አንድ በአንድ መለሱ። ሲጨርሱ ዶክተር ማሎይ ጥጥ በአልኮል ነከረችና ያን ሁሉ የለካችውን፣ ያን ሁሉ የተጠበበችበትን መስመር ጠረገችው።

"እንደገና እንጀምር" አለች።

ፋሻውን አሁን ከቀኝ ቅንድባቸው አስነስታ ለካች። አንዴ አጠረ፤ ፀጉራቸው ውስጥ ዘለቅ አድርጋ ደገመችው፣ ደረሰ። የምደብቃችሁ ነገር የለም ብላ ጉዳቱን ነገረችን። ከቀኝ ሲመጣ መንገዱ ይረዝማል፤ የደም ዝውውሩ ላይ ስጋቱ ትንሽ ይጨምራል። ደግሞ ግንባሩ ሲሰፋ ቆዳው ስለሚሳብ መስቀሉ ያዘነብላል። እንዳያዘነብል ከላይ በኩል ሳትሰፋ ክፍት ትተወዋለች፤ ቁስሉ በራሱ ጊዜ ይሞላል። ይዘገያል፣ ጠባሳውም ሰፋ ይላል።

"ጠባሳውን በነጠላዬ እሸፍነዋለሁ" አሉ እትዬ ዓባይነሽ።

"አልጨረስኩም" አለች ዶክተሯ። "እሳቸው የሚያዩት መስቀሉን ብቻ አይደለም። ፋሻ አለ፣ እብጠት አለ፣ ድልድዩ አለ። ቢላ ከማንሳቴ በፊት ማወቅ እፈልጋለሁ።" ፋሻ ጠቅልላ ከቀኝ ቅንድባቸው እስከ አፍንጫቸው በፕላስተር አጣበቀች፤ አፍንጫቸውን ሸፈነች፤ የግንባራቸውን ቀኝ ጠቀለለች። መስቀሉ ብቻ ቀረ። "እንዲህ ሆነው ሄደው ይዩአቸው። ካላወቁዎት ከጆሮ ሥር ቆዳ ወስጄ ልለጥፍ እችላለሁ፤ ፋሻው ያንሳል፤ ግን አፍንጫው ሊሰረጉድ፣ አየርም ሊከለክል ይችላል። ያኔ ተነጋግረን እንመርጣለን።"

የመኪናውን ቁልፍ ከምናሴ ተቀበልኩ።

በቀለበት መንገዱ፣ በቤልትዌይ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ ስንነዳ አጠገባችን ያለ መኪና ሁሉ ያፈጥብናል። "ንጂው ባዩሽ" ይሉኛል እትዬ ዓባይነሽ ከኋላ፤ "ፋሻዬን ያየ ሁሉ መንገድ ይለቅልሻል።" ቀልዱ እውነት አልመሰለኝም። ዊልሰን ድልድይ ላይ በመስታወት ሳያቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ይጸልያሉ።

መጦሪያው ውስጥ የምትሠራ ሃይማኖት የምትባል ልጅ በሩ ላይ አይታቸው "ውይ በሞትኩት! ምን ሆኑ?" ብላ ጮኸች። ጋሼ አያሌው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። እንግዳ ሲገባ አዩና እንደ ልማዳቸው ከወንበራቸው ተነሡ።

"ይግቡ፣ ይግቡ" አሉ። "አረፍ ይበሉ። ባለቤቴ አሁን ትመጣለች።"

ምናሴ እጄን ያዘኝ። እትዬ ዓባይነሽ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ በድምፃቸው ሊረዷቸው አልፈለጉም። ፈተና ከሆነ ፈተና ነው። ነጠላቸውን ወደ ኋላ አደረጉና ጎንበስ አሉ።

የጋሼ አያሌው ጣት አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ወረደ። መስቀሉን ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተከተለው።

"መጣሽ?" አሉ።

"መጣሁ።"

እጃቸው ግን እንደ ወትሮው አልተመለሰም። ወደ ታች ሄዶ ፋሻውን ነካ፣ የሚስታቸው አፍንጫ ላይ ደረሰ። የጋሼ አያሌው ፊት ተለወጠ። እኔ ያንን ፊት አይቼው አላውቅም፤ ምናሴ ግን የልጅነቴ አባት ነው አለኝ በኋላ።

"ማነው የመታሽ?"

"ማንም አልመታኝም።"

"ማነው የመታሽ አልኩሽ! ጫማዬን አምጪ!"

ካንሰሩን በደረቅ ዓይን የሰሙት እትዬ ዓባይነሽ እየሳቁ አለቀሱ። ሃይማኖት ጫማውን አመጣች። ጋሼ አያሌው ጎንበስ ብለው ገመዱን ራሳቸው አሰሩ፤ ያንን ማድረግ ከተዉ ቆይተዋል። ምሳ ሲመጣ ተረጋግተው በሉ። ረሱት ብለን ወጣን።

መኪና ውስጥ እንደገቡ እትዬ ዓባይነሽ "ደውዪላት" አሉኝ። "ትቁረጥ በያት።"

የቀዶ ሕክምናው ጧት ዶክተር ማሎይ መስመሩን እንደገና ስታሰምር እትዬ ዓባይነሽ በእኔ በኩል መልእክት ሰደዱ። "ባለቤቴ ማን እንደመታኝ ጠይቆኛል፤ ስምሽን አልሰጠሁትም በያት።" ዶክተሯ እጇ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ብዕሩን ከፊታቸው አንሥታ እጇ እስኪረጋ ጠበቀችና ቀጠለች።

እኛ ውጭ ተቀመጥን። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል እንደሚባለው ያ ደረቅ ነኝ ባይ ባሌ ትከሻዬ ላይ ሆኖ አለቀሰ። "ብደብቃት ኖሮ መስቀሉን ቆርጠውት ነበር አይደል?" አለኝ። አዎ አልኩት። ሳህን የሰበረ ሰበርኩ ይበል።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ቆቧን እንዳደረገች መጣች። ደክሟታል። ጠርዙ ንጹሕ ነው አለች፤ የቆዳው ደም ደህና እየሄደ ነው አለች። ከዚያ ጣቷን ግንባሯ ላይ ቀጥ አድርጋ አቆመችልንና ፈገግ አለች፤ መስቀሉ አላዘነበለም ማለቷ ነው።

ያምሩ ነበር ብዬ አልዋሽም። ፊታቸው አብጦ፣ ድልድዩ በሁለቱ ዓይኖቻቸው መሃል ወርዶ፣ የግንባራቸው ቀኝ ክፍት ቁስል ሆኖ ማየት ያስደነግጣል። እሳቸው መስታወት ጠየቁ። አፍንጫውን አላዩም፣ ድልድዩንም አላዩም። መስቀሏን አይተው መስታወቱን መለሱልኝ።

ዶክተሯ በመኪና ከሆነ ሂዱ ብላ በፈቀደች ቀን፣ ድልድዩ ገና ሳይቆረጥ፣ አሌክሳንድሪያ ወሰድናቸው። ሃይማኖት ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ ስሞታ ጀመረች።

"እትዬ፣ ምን አድርገውብኝ ነው የሄዱት? ጋሼ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጫማዬን አላወልቅም ብለው አስቸገሩኝ እኮ! እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ጠብቄ ነው የምፈታላቸው። ጧት ሲነሡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ጫማቸውን ነው። የት ሊሄዱ ነው ስላቸው ጉዳይ አለኝ ይላሉ።"

ገባን። ጋሼ አያሌው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ የጫማቸው ገመድ ጠበቅ ተደርጎ ታስሯል። እትዬ ዓባይነሽ ነጠላቸውን ወደ ኋላ አደረጉና ጎንበስ አሉላቸው። የጋሼ አያሌው ጣት መስቀሉ ላይ አረፈ። የዚያን ቀን "መጣሽ?" አላሉም።

"ቆይ፣ ያ ሰው ማነው?" አሉ። "ስሙን እኮ እስካሁን አልነገርሽኝም።"